ቆዳው ይውለቅ ያልኩ ቀን

ያኔ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የግብርና ዜና እሠራ ነበር። ሥራው ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ማስተባበያ የወጣበት አንድም ጽሑፍ አልነበረኝም። ሁለት ሕጎችን አጥብቄ እይዝ ነበር። አንደኛው፣ በቁጥር ወይም በሰነድ ያልተደገፈ ነገር አልጽፍም። ሁለተኛው፣ የምዘግበው ነገር ውስጥ እጄን አላስገባም። ባልደረቦቼ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔ ግን በሁለቱም ሕጎች እኮራ ነበር። ሁለቱም የፈረሱት በአንድ ቀን ነው፤ ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ደረቅ ወንዝ አጠገብ።

ጊዜው 2000ዎቹ አጋማሽ፣ የነሐሴ መጨረሻ ነበር። ቆቦ የገባሁት በዋዜማው ሲሆን፣ በማግስቱ ጠዋት አንዲት ቁርስ ቤት ውስጥ ትርሲትን አገኘኋት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ከአዲስ አበባ የመጣች የዲዛይን ተመራማሪ ናት። ዲዛይን ሲባል ልብስ ወይም ቤት መንደፍ መስሎኝ ስለነበር ሥራዋን እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት።

"ሰው ከኮምፒዩተር ጋር በምን እንደሚነጋገር ነው የማጠናው" አለችኝ። "በመስታወት ነው? በፕላስቲክ? በጨርቅ? እጁ የሚነካው ነገር ከምን ሲሠራ ነው ሰው መሣሪያውን የራሴ የሚለው? ጥያቄዬ ይኼው ነው።"

ለዚህ ጥያቄ የራያን ቆላ የመረጠችበት ምክንያት ጎርፍ ነው። ቆላው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለማሽላ አይበቃም። ሰዉ የሚጠብቀው በስተምዕራብ ያለው ተራራ ላይ የሚዘንበውን ነው። ተራራው ሲዘንብበት፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ በድንገት ይሞላል። ገበሬዎቹ ወንዙን በአሸዋና በጭራሮ ገድበው ጎርፉን ይጠልፉና በቦይ ወደ ማሳቸው ይወስዱታል። ጎርፉ የሚቆየው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ደርሶ ያልጠለፈው ሰው ቁሞ ሲያልፍ ያየዋል።

ተራ አለ። ተራውን የሚያስከብር የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ በሰዉ ይመረጣል። ሕጉም አጭር ነው፤ ጎርፉ ሲደርስ ባለተራው ወይም ቤተሰቡ አካፋ ይዞ ቦዩ አፍ ላይ መቆም አለበት። ካልቆመ ተራው ለተከታዩ ያልፋል።

ትርሲት የሠራችው ይህን የሚያግዝ መሣሪያ ነበር። ተራራው ግርጌ ወንዙ ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ዕቃ ተክላለች። ውሃው ሲነሳ ያ ዕቃ በሬዲዮ ሞገድ ወደ አንዲት ነጭ ሳጥን መልእክት ይልካል። የግማሽ ጡብ መጠን ያላት ይህች ሳጥን የውሃ አባቱ እጅ ላይ ናት። መልእክቱ ሲደርሳት ትጮሃለች፣ ታበራለች፣ እንደ ስልክም ትንቀጠቀጣለች። የውሃ አባቱ መስታወቷ ላይ የባለተራውን ስም ሲነካ ሳጥኗ ራሷ ለባለተራው ትደውላለች። ጎርፉ ከተራራው ግርጌ መጥለፊያው እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለተራው ከየትም ይደርሳል የሚል ሐሳብ ነው።

"ታዲያ ተሳካ?" አልኳት።

ላፕቶፗን ከፍታ አሳየችኝ። ሳጥኗ የተነካችበትን ጊዜ ሁሉ ትመዘግባለች። ትርሲት ሳጥኗን ትታ ከሄደች በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት መዝገቡ የሚለው ዜሮ ብቻ ነው።

"አልተቀበሉትም" አለች። "ዛሬ አመስግኜያቸው ሳጥኑን ይዤ እመለሳለሁ። ሪፖርቱንም ጽፌ ጨርሻለሁ።"

እኔም ማስታወሻዬ ላይ የዜናውን መግቢያ እዚያው ጻፍኩ፦ የራያ ገበሬዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ሳይጠቀሙበት ቀሩ። ቁጥር አለው፤ ሰነድ አለው።

መጥለፊያው ጋ የደረስነው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አያ ሰይድ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁን። የውሃ አባቱ እሳቸው ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭንና ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። በግራ ብብታቸው ሥር የፍየል ቆዳ ከረጢት በማንገቻ ታጥቀዋል። በደንብ የተሰፋ ነው፤ በእንጨት ቁልፍ ይዘጋል። ድሮ ባለ ባትሪ ሬዲዮ የነበረው ሰው ሬዲዮውን እንዲህ ያለብሰው እንደነበር ትዝ አለኝ።

ትርሲት ሳጥኑ የት እንዳለ ስትጠይቃቸው ከረጢቱን መታ መታ አደረጉ።

"እዚህ ነው። ቆቦ ገበያ ላለው ቆዳ ሰፊ ልኩን ሰጥቼ አሰፋሁለት" አሉ። "ነጭ ዕቃ ነው፤ የኔ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ሰው አምኖ የሰጠኝን እንዴት አቆሽሸዋለሁ?"

ትርሲት ፈገግ አለች። ያልተነካበት ምክንያት የተገለጠላት መሰለኝ። ለእኔም የተገለጠልኝ መሰለኝ፤ አክብረው አስቀምጠውታል፣ አልተጠቀሙበትም። ከዚያ ካሜራዬን አወጣሁና ያንን አልኩ።

"አያ ሰይድ፣ ቆዳው ይውለቅ። መሣሪያው ለፎቶ እንዲታይ።"

ትንሽ አመነቱ። እንግዳ ስለሆንኩ ግን እምቢ አላሉኝም። ሳጥኑን አውጥተው ከረጢቱን ቁርቁራው ላይ ሰቀሉት። ነጩን ሳጥን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ መታወቂያ ፎቶ ቀጥ ብለው ቆሙልኝ። አነሳኋቸው።

ቀስ በቀስ ዐሥር ያህል ሰው ተሰበሰበ። ከሁሉም ቀድማ የመጣችው የዕለቱ ባለተራ ወይዘሮ ዝናሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን የምታርሰው ከወንድሟ ጋር እየተጋገዘች ነው፤ ወንድሟ ግን በዚያ ሰሞን ዋጃ ሄዷል። ማሳዋ የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። የላይኞቹ ማሳዎች ጎርፍ ጠጥተዋል፤ የእሷ ማሽላ ራስ አውጥቶ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ውሃ አጥቶ ቅጠሉ ተጠቅልሏል።

"ይኼኛው ጎርፍ ካመለጠኝ ለከብት የሚሆን አገዳ ነው የማጭደው" አለችኝ። ያማረረች አትመስልም ነበር፤ ያለውን ነገረችኝ እንጂ።

ትርሲት ለመጨረሻ ጊዜ መስታወቱን እንዲነኩት አያ ሰይድን ለመነቻቸው። ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ነኩት። ምንም የለም። ጠበቅ አድርገው ነኩት። አሁንም የለም። ሌሎቹም እየተቀባበሉ ሞከሩ። ዶማና እርፍ ያጠነከረውን ጣት መስታወቱ እንደ እንጨት ቆጠረው።

"መሬቱ እንኳ ያውቀናል" አለች ዝናሽ፤ "ይኼ መስታወት ብቻ ነው የማያውቀን። እስቲ አንተ ንካው።"

ሕጌን ብነግራትም ሰዉ ሁሉ ንካው እያለ አጣደፈኝ። ነካሁት። ወዲያው በራ። ያ ሁሉ ሰው ሳቀብኝ።

"እርፍ ያልጨበጠ እጅ ነው የፈለገው" አለች ዝናሽ። አያ ሰይድም በዚያው ረጋ ባለ ድምፃቸው፣ "እንግዲህ ጋዜጠኛውን እዚሁ እንቅጠረዋ" አሉ።

ከዚያ መቅረጫዬን አወጣሁ። ቃለ መጠይቅ ስቀርጽ ስልክ እንዲጠፋ አደርጋለሁ፤ የተለመደ አሠራሬ ነው። ሁሉም አጠፉ፣ ዝናሽም አጠፋች። ስንጨርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዝናሽ ማሽላዋን ከወፍ ልትጠብቅ ወረደች፤ ማሳዋ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ጎርፍ ከመጣ ይደወልልኛል ብላ ሄደች።

እኛ ምሳ በልተን ቁርቁራው ሥር አረፍን። ሳጥኗ ጥላው ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከወንዙ ማዶ ያለው የሽንኩርት ማሳ ላይ አንድ የናፍጣ ፓምፕ ይጮሃል። ተራራው ላይ ደመና ከብዷል፤ ግን በዚያ ወር ሁልጊዜ ይከብድ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ጥላው ቀስ እያለ ዞረ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አያ ሰይድ ግራ ጎናቸውን ደጋግመው እንደሚዳስሱ አየሁ። ትርሲትም አየች። አሟቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"አላመመኝም። ጎኔ ዝም አለኝ።"

"እንዴት ዝም አለ?"

"ሌላ ጊዜ ጎርፉ ሲነሳ እዚህ ጋ ይንቀጠቀጥልኝ የለ? ከቆዳው ውስጥ። ስተኛም አላወልቀውም። ዛሬ ባዶ ሆኖ ቀለለኝ።"

ትርሲት ቀስ ብላ ተነሥታ ቁጭ አለች። "አያ ሰይድ፣ ሳጥኑ ይንቀጠቀጥ ነበር? ጎርፍ በመጣ ቁጥር?"

"አዎና። ጩኸቱ በዚህ ፓምፕ መሐል አይሰማም። መብራቱም ፀሐይ ላይ አይታይም። መንቀጥቀጡን ግን ቆዳው ሳያደርስልኝ የቀረበት ቀን የለም። አራት ጎርፍ መጣ፤ አራቱንም ነገረኝ። ከዚያ በራሴ ስልክ ለባለተራው እደውላለሁ። በቁልፍ ነው፤ እሱ ያውቀኛል።"

"መስታወቱንስ ለምን አልነኩትም?"

ትንሽ አፈሩ። "አልታዘዝ ሲለኝ፣ አንቺ ስትመጪ አሳዪኝ ልልሽ ነበር።"

ትርሲት ያየችኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ማስታወሻዬ ላይ ዜሮ የሚል ተጽፏል። ሽማግሌው አራት ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኛ ግን የጻፍነው አንዱን ነው። የመንቀጥቀጧን ነገር ትርሲት ጩኸቷንና መብራቷን ቆጥራ የጨመረችው በመጨረሻ፣ እንደ ትርፍ ነበር።

ትርሲት ወደ ሳጥኗ ዞረች፤ ምናልባት መንቀጥቀጧን ልትሞክራት። ድንጋዩ ላይ ጥላው የለም፤ ፀሐይ ነው ያለው። ሳጥኗን እንዳነሳቻት ፊቷ ተለወጠ።

"እየተንቀጠቀጠች ነው" አለች።

መስታወቱን በእጇ ከልላ ሰዓቱን አነበበች። መልእክቱ ከደረሰ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። የቀረን ሃያ ነው። የዝናሽን ስም ልትነካ ስትል መስታወቱ ጥቁር ሆነ። ሳጥኗ ከመጋሏ የተነሣ ራሷን ዘጋች። ቆዳው ለካ ከፀሐይም ይጠብቃት ኖሯል።

አያ ሰይድ ሳይቸኩሉ ስልካቸውን አውጥተው ከፈቱና ለዝናሽ ደወሉ። አዳመጡ። ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ።

"ዝግ ነው" አሉና ወደ እኔ ተመለከቱ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ስልኳን ያዘጋኋት እኔ ነኝ። ቆዳውንም ያስወለቅሁት እኔ ነኝ። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ነገር አልነካሁም ያልኩ ሰው፣ በአንድ ጠዋት የሴትየዋን የዓመት ማሽላ በሁለት በኩል ነክቻለሁ።

ተከታዩ ባለተራ አበራ የሚባል ጎልማሳ አካፋውን ይዞ መጥቶ ነበር። "እኔ የሰው ተራ አልቀማም፤ ውሃው ግን አይጠብቃትም" አለ። አያ ሰይድ ሕጉ ሕግ እንደሆነ ነገሩት፤ የጎርፉ ግንባር መጥለፊያው እስኪደርስ ግን ተራው የዝናሽ ነው፣ ግድቡን ለእሷ እንዝጋላት አሉ። አበራ ራሱ ቀድሞ ጭራሮ ማንሳት ጀመረ። ትርሲት ጫማዋን አውልቃ ገባች።

እኔ ሮጥኩ።

መሮጥ የማይችል ሰው ነበርኩ፤ ዛሬም አልችልም። ጠጠር መንገዱ ላይ ስወጣ ትንፋሼ አልቆ ነበር። ደግነቱ ሽንኩርት የጫነ ባጃጅ ከቆቦ በኩል መጣ። መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አስቆምኩት። ሾፌሩ ቦታ የለኝም ሲለኝ ሽንኩርቱ ላይ እቀመጣለሁ አልኩት። የወይዘሮ ዝናሽ ጎርፍ ሊያመልጣት ነው ስለው ሌላ አልጠየቀም። ሁለት ጆንያ መንገድ ዳር አውርዶ ነዳው።

ዝናሽ ማሳዋ መሐል ባለው የወፍ መጠበቂያ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ቆማለች። ከሩቅ አየችኝ።

"ፎቶው አልበቃህም?" ብላ ጮኸች።

ወደ ተራራው ጠቆምኩ።

"ደመና ነው፤ አየሁት" አለች።

"ጎርፍ!" አልኩ በመጨረሻ። "ስልክሽ ዝግ ነው!"

ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። "አንተ ነህ ያዘጋኸኝ" አለችና ከማማው እንዴት እንደወረደች ሳላይ አካፋዋን ይዛ ባጃጁ ውስጥ ነበረች። እኔ ሽንኩርቱ ላይ፣ እሷ ከሾፌሩ ጎን ሆነን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽላው ከሞተ አገዳውን አዲስ አበባ ድረስ ተሸክሜ እንደምወስድላት።

ከባጃጁ ስንወርድ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ከሩቅ እንደሚመጣ የከባድ መኪና ሰልፍ። ዝናሽ ቀሚሷን ወደ ወገቧ ሸጉጣ ሮጠች። ወንዙ መታጠፊያ ላይ ቡናማው የውሃ ግንባር፣ ቅጠልና እንጨት እየገፋ ብቅ አለ። አያ ሰይድ ግድቡ ላይ ቆመው እጃቸውን አንሥተዋል። ባለተራው ከሌለ እጁ ወደ አበራ ነው የሚወርደው። አበራ ውሃውን አያይም፤ መንገዱን ነው የሚያየው።

"መጣች" አለ።

ዝናሽ ቦዩ አፍ ላይ ዘላ ገባችና አካፋዋን ተከለች። የአያ ሰይድ እጅ ወደ እሷ ወረደ። ውሃው ጭራሮውን መታ፣ ተንሸራተተ፣ ወደ ቦዩ ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም አፈር ይዝቃል። ለእኔም አንድ ሰው አካፋ ሰጠኝ። ሕጌን ያነሳ የለም፤ እኔም አላነሳሁትም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃው የዝናሽ ማሳ መግባቱን ከታች ያሉት ደውለው ነገሩን። የደወሉት ወደ እሷው ስልክ ነው፤ ተከፍቷል።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አያ ሰይድ። ታጥበው ወደ ቁርቁራው ሄዱ፣ ከረጢቱን አወረዱ፣ የቀዘቀዘችውን ሳጥን መልሰው ከተቷትና የእንጨት ቁልፉን ዘጉ። ትርሲት ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና አጠገባቸው ቆመች። ከረጢቱን ለአንድ አፍታ እንዲያውሷት ለመነቻቸው። ብብቷ ሥር ታጠቀችውና ላፕቶፗን ከፍታ የሙከራ መልእክት ላከች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ብቻዋን ሳቀች።

"ለሁለት ዓመት መስታወት ስመርጥ ነበር" አለች።

ሪፖርቷን እዚያው ሰረዘችው። በሚቀጥለው ዓመት ይዛው የመጣችው ሳጥን መስታወት አልነበረውም። ፊቱ ቆዳ ነው፣ የቆቦው ቆዳ ሰፊ የሰፋው፤ ባለተራውን የሚጠራው አንድ ትልቅ የእንጨት ቁልፍ ነው፤ ጭቃ የነካው እጅ በጡጫም ቢጫነው ይታዘዛል። ዝናሽ ይህንን ስታይ፣ አሁን ለጋዜጠኛው የሚሆን ሥራ የለም ብላለች አሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ቁጥር እወዳለሁ። ያ ዜሮ ውሸት አልነበረም፤ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ጥያቄው ነበር የተሳሳተው። እኔም ጥያቄውን ማን እንደጠየቀው ሳላጣራ መልሱን ይዤ ሄድኩ። አሁን አንድ ነገር ሥራ ላይ አልዋለም ሲሉኝ መዝገቡን አይቼ አላበቃም፤ ሰዎቹ ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያለሁ። የስብሰባ ዜና መሥራት ትቼ ሰዎች ዕቃዎቻቸውን እንዴት እንደሚጠቀሙ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ እጄን አላስገባም እል የነበረው ደግሞ ከንቱ ነበር። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ገና ሰላም ሲል ገብቷል። ስለዚህ ማንም ሰው ያለበሰውን ነገር አውልቅልኝ አልልም፤ ለምን እንዳለበሰው እጠይቃለሁ።

ነጯን ሳጥን ያነሳሁበት ፎቶ ወጥቶ አያውቅም። ጋዜጣው ላይ የወጣው አያ ሰይድ ከረጢታቸውን ታጥቀው ግድቡ ላይ የቆሙበት ነው። አዘጋጁ መሣሪያው የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ቆዳው ውስጥ ነው አልኩት።

ጥቅምት ላይ ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ጋዜጠኛው ነህ?" አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ዝናሽ ነኝ። ስልኬ ክፍት ነው። ማሽላው እሸት ደርሷል፤ መጥተህ ብላ። ስትመጣ ግን ያንተን ስልክ ዝጋው።"